ሦስተኛው ሲዲ

ሰው የሚወደውን ፊልም ሲጠይቁት ፊቱ ይበራል። እኔ ግን ቤዚ ያንን ጥያቄ ይዛ ሱቄ የገባች ቀን ሰበብ ፍለጋ ገባሁ።

ቤዚ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት፤ አሶሳ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ የምታቀርባት አጭር ፕሮግራም አለቻት። እኔ ደግሞ ገበያው ዳር ሚሞሪ ላይ ፊልምና ዘፈን እጭናለሁ፣ ቻርጀር እሸጣለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። መቅጃዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣

«ጋሽ አስማማው፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበርዎት አሉ። ሰው ከሁሉ አስበልጦ የሚወደውን ፊልምና ለምን እንደሚወደው እየጠየቅሁ ነው። ሰዉን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል? ያዙሩኝ» አለችኝ።

«ሥራ አለብኝ» አልኳት።

«ሥራዎማ ይኸው፣ ተቀምጦ ጥርስ መፋቅ» ብላ ሳቀች።

ምን ይደረጋል፣ እውነቷን ነው። ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ፈየራ ጋ ሄድን። «የካራቴ ፊልም ነው» አለ፤ ስሙን አያውቀውም። ለምን እንደሚወደው ስትጠይቀው መቀሱን አስቀመጠ። «ባምባሲ ሳለሁ ነው ያየሁት። ቦታ ሞልቶ ቆሜ ሳለ አንዲት ልጅ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችልኝ። ዛሬ የአራት ልጆቼ እናት ናት። ፊልሙንማ የት አየሁት!» ነርሷ ለተማርያም ደግሞ አንድ የቆየ የአማርኛ ቀልድ ፊልም ጠራች። «እናቴ በሕይወቷ አንድ ፊልም ነው ያየችው፣ እሱም እሱ ነው። ሰውየው ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ እንዴት እንደሳቀች ብታዪ! ሌላውን ሁሉ ረስቼዋለሁ» አለችና ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

«ሰው የሚወደው ፊልሙን ሳይሆን ያየበትን ቀን ነው መሰለኝ» አለች ቤዚ መንገድ ላይ። አስተማሪ አይደለች፣ መፈላሰፍ ትወዳለች።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሰው ሁሉ «የጀልባው!» ይላል። «የጀልባው ነዋ! ሌላ ምን አለ? ማን እንደተረጎመው ታውቂያለሽ? ይሄ አጠገብሽ የቆመው ጉደኛ ነው! መጨረሻውን ሲናገር ጎረምሳው ሁሉ ይነፋረቅ ነበር» እያሉ ትከሻዬን ይመቱኛል። ድሮ ቢሆን ደረቴን እነፋ ነበር። ያን ቀን ግን መሬት መሬቱን አየሁ።

«ከሁሉ በላይ የሚወደው ማነው?» አለች ቤዚ።

«ሙርሳል» አሉ ባንድ አፍ።

«እሱን ተይው» አልኳት ቶሎ ብዬ። «ወንድሙ ሞቶበት ሐዘን ላይ ነው። ቤቱም ሩቅ ነው። ፀሐዩንስ አላየሽም?»

ተናግሬ ሳልጨርስ ባጃጅ አስቁማለች። ወይ ቤዚ! አንቺም ባትመጪ፣ እኔም ባልከተልሽ ምን ነበረበት።

መቼም ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩ አይገባም። ያኔ፣ ሚሊኒየሙ ሊከበር ዓመት ሲቀረው፣ አሶሳ ላይ በቆርቆሮና በሸራ የተሠራች ቪዲዮ ቤት ነበረችኝ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የሲዲ ማጫወቻ ዴክ፣ አንድ ጄኔሬተር፣ ሃያ አግዳሚና አንድ ማይክ። የሕንድ ፊልም ሲከፈት ድምፁን ዝቅ አደርግና በማይኩ እተረጉማለሁ። ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ብቻ አልነበረም፤ ለኔ አፍ ጭምር ነው። አክተሩ ሲናደድ እናደዳለሁ፣ ሴቷ ስታለቅስ ድምፄን አቅጥኜ አለቅሳለሁ። አንድ ነገር ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ሕንድኛ አልችልም። ዛሬም አንዲት ቃል አላውቅም። ፊታቸውን እያየሁ ነበር የምናገረው፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ አልሳሳትም ነበር። ፊት ይናገራላ!

የጀልባው በሦስት ሲዲ ነው የመጣው። እውነተኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠምዳሉ። የእናታቸው ሐብል ይጠፋል። ትልቁ በሰው ፊት ትንሹን «ሌባ» ይለዋል። ትንሹ አንዲት ቃል ሳይመልስ በጀልባ ያንን ሰፊ ወንዝ ተሻግሮ ይጠፋል። ከዚያ ሐብሉ ከትልቁ ከራሱ መረብ ውስጥ ይገኛል። ትልቁ ወንዙ ዳር ቆሞ ማዶ ማዶውን ሲያይ ሁለተኛው ሲዲ ያልቃል።

የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛውን ብከተው ዴኩ ይንጫጫል እንጂ አይከፍትም። ተፍቋል። የገበያ ቀን ነው፣ ቤቱ እስከ በሩ ጢም ብሏል፣ ሰዉ መጮህ ጀምሯል። ምን አባቴ ላድርግ? ማይኩን አነሳሁና፣ «ጸጥታ! መጨረሻውን እኔ እነግራችኋለሁ፤ አይቼዋለሁ» አልኩ።

ከዚያ አፌ እንዳመጣ ፈጠርኩት። «ትልቁ ሊፈልገው ሊሄድ ጀልባ ውስጥ ገባ» አልኩ። «እናቱ ግን ያዘችው። ልጄ፣ የወጣ በእግሩ ይመለሳል። ተፈልጎ የመጣ ወንድም እንግዳ ነው፤ ራሱ የመጣ ግን የቤቱ ባለቤት ነው። አንተ በርህን አትዝጋ አለችው። ትልቁም በሩን ሳይዘጋ ክረምት ከበጋ ጠበቀ። አንድ ቀን ጠዋት ጀልባዋ ብቅ አለች።» ሰዉ እዬዬ አለ። ከዚያ ያጨበጨበው ጭብጨባ ሸራውን አንቀጠቀጠው።

ያቺን «የወጣ በእግሩ ይመለሳል» የምትለውን ከየት አመጣሃት ብትሉኝ ከአባቴ ነው። አባቴ ከወሎ ተነሥቶ ፓዌ የሰፈረ ገበሬ ነበር። ተጣልቼው በሩን በላዩ ላይ አላትሜ ስወጣ ከኋላዬ ያለኝ እሷን ነው። አልፈለገኝም፣ እኔም አልተመለስኩም፤ የደረስኩት ለቀብሩ ነው። ታዲያ ያንን ቃል የጠላሁትን ያህል በማይክ ስናገረው እንዴት እንዳማረኝ! ሰው የራሱን ቁስል በጭብጨባ ማከም ሲጀምር እንዲህ ነው።

እዚህ ድረስ ቢሆን እሰየው፤ የሲዲ ብልሽት ነው ይባልልኝ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ደህና ኮፒ መጣ። ሦስተኛውን ብቻዬን ዘግቼ አየሁት። እናት የምትባል ብቅ አትልም። ትልቁ ጀልባ ላይ ይወጣል፣ ማዶ ይሻገራል፣ መንደር ለመንደር ሲጠይቅ ፀጉሩ ይሸብታል፣ በመጨረሻ ያገኘዋል። አለቀ። «የኔ ይበልጣል» አልኩ፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በራሴ ፈጠራ ኮርቼ። ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና ፊልሙን ባሳየሁ ቁጥር ከሁለተኛው በኋላ ዴኩን እያጠፋሁ በአፌ እጨርሰው ጀመር። ሰዉም የሚፈልገው እሱን ነበር።

ሙርሳልና ታናሽ ወንድሙ አብዱልረሂም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊት አግዳሚ ላይ ነበሩ። መንጌ በሚባል ቦታ ወርቅ እያጠቡ፣ ገበያ ሲወጡ ሳይመጡ አይቀሩም። በዓመቱ እነሱም ተጣሉ። አንዲት የወርቅ ፍሬ ጠፋችና ሙርሳል በጓደኞቻቸው ፊት ወንድሙን ጠረጠረው። አብዱልረሂም በዚያው ቀን በኩርሙክ በኩል ሱዳን ገባ። ወርቋ በሳምንቱ ከሙርሳል ከራሱ ኮት ገበር ውስጥ ተገኘች።

ፊልም ነው እንዴ ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሙርሳል ትልቅ ቦርሳ ይዞ ቪዲዮ ቤቴ መጣ። ወደ ኩርሙክ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ነው። «አኺ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። «አብዱልረሂም ልፈልግ እሄዳለሁ። ከመሄድ በፊት የጀልባው አሳየኝ።» ቦርሳው መንገድ እንዳይዘጋ ከእጁ ተቀብዬ አግዳሚው ሥር የከተትኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ ፊልሙን ከፈትኩ። ሁለተኛው ሲዲ ሲያልቅ እንደ ልማዴ ማይኩን አነሳሁ። እውነተኛው ሦስተኛ ሲዲ ከጉልበቴ አጠገብ ነበር፤ መሳቢያውን መሳብ ብቻ ነበር የቀረኝ። «የወጣ በእግሩ ይመለሳል» አልኩ፣ ያውም ያን ቀን ከመቼውም አሳምሬ።

ሙርሳል እንባውን ጠራርጎ ቦርሳውን አነሳና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሳይሄድ ቀረ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የግቢውን በር ሳይዘጋ ጠበቀ።

ባጃጁ እዚያ ክፍት በር ሥር አወረደን።

«ሰላም ዐለይኩም! አኺ አስማማው!» ብሎ ሙርሳል ከማንጎው ሥር ብድግ አለ። ጢሙ ነጭ ሆኗል። «ና ልጄ፣ ግባ፣ ተቀመጥ» አላት ቤዚን። አማርኛው ላይ ሴትም ወንድም አንድ ነው፤ ደግነቱ ግን አይሳሳትም። አንዲት አሥራ አራት ዓመት ገደማ የሆናት ቀጭን ልጅ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያንን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ አቀረበችልን። «ይሄ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ዐርዋ። ሱዳን፣ ደማዚን ጦርነት ሲመጣ ከአባቱ ጋር ወጣ። አብዱልረሂም ታመመ፣ መንገድ ላይ ሞተ። ኩርሙክ ልጁ ብቻ ደረሰ፣ እኔ ሄጄ አመጣሁ። እናቱ ድሮ ሞተ። አማርኛ ገና ነው» አለን።

ከደማዚን እስከ ኩርሙክ ያለው መንገድ መንገድ ሆኖ ነው? በደህና ጊዜ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።

ቤዚ መቅጃውን ከፈተችና ጥያቄዋን ጠየቀች። ሙርሳል ፊቱ በራ።

«እኔ የጀልባው ነው የምወደው። ለምን? ሰው ያጠፋል። እኔ አጠፋ። ወንድሜን በሰው ፊት ሌባ አለ። ግን ፊልሙ ጥሩ ነገር አስተማረ። ሰው አታሳድድ፣ በር ክፈት፣ ጠብቅ። ራሱ ሲመጣ ባለቤት ነው። እኔ ጠበቀ። አላህ ሌላ ፈለገ፣ ምን ይደረጋል? አብዱልረሂም አልመጣም፣ ልጁ መጣ። አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጉልበቴን ነካ አደረገኝ። «እሱ ነው ያስተማረኝ።»

ብርጭቆዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ቤዚ ግን ማቆም አታውቅም። «ዐርዋስ? ፊልም ትወዳለች?» አለች።

ሙርሳል በበርታ ቋንቋ ጠየቃት። ልጅቷ የወሬው ርዕስ ፊልም መሆኑን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ፤ እጇን እንደ ጀልባ እያወዛወዘች በዓረብኛና በበርታ ቀላቅላ ማውራት ጀመረች። ሙርሳል ይተረጉምልናል። ያን ቀን ተርጓሚው እሱ ነበር።

«የጀልባው ይላል! ማሻአላህ! አባቴም ይሄን ይወድ ነበር ይላል። ዒድ ሲመጣ ሁልጊዜ ያያል። ስልኩ ላይ አለ… ዓረብኛ ጽሑፍ ከሥሩ አለ፣ እያነበበ ያለቅሳል። እኛ አሶሳ ያየነው ልክ አይደለም ይል ነበር። አንድ ተርጓሚ ነበር ይላል፣ ዋሸን ይላል። መጨረሻው እንደዚያ አይደለም። ትልቁ…»

እዚህ ላይ ቆመ። ልጅቷ ግን አልቆመችም። ሃያ ዓመት ከገበያው ዓረብኛ ጋር ኖሬ ያንን ለመስማት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ትልቁ ራሱ ይመጣል፤ ወንድሜ ሙርሳልም አንድ ቀን እውነተኛውን ያየዋል፤ ያኔ ይመጣል፤ እኔ ከደማዚን ንቅንቅ አልልም፣ ሲመጣ እንዳያጣኝ። አባቷ ይህንን ነበር የሚለው።

«ምን አለች?» አለች ቤዚ ቀስ ብላ።

ዐርዋ ነገሩ አልገባትም፤ አጎቷ ያላመናት መስሏት ሮጣ ገብታ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣች። ከደማዚን ያወጣችው ንብረት እሱና የለበሰችው ልብስ ነው። መጨረሻውን አውጥታ ፊታችን አቆመችው። ያ ወንዝ፣ ያ ጀልባ፣ ያ ከሁሉ ሰው የደበቅሁት ነገር የእጅ መዳፍ በምታህል መስታወት ላይ መጣ። ትልቁ ፀጉሩ ሸብቶ ከጀልባው ይወርዳል። ትንሹ መረብ እየጠገነ ነው። ቀና ይላል። ይተያያሉ። ትንሹ አንድ ነገር ተናገረ።

«ተርጉም» አለኝ ሙርሳል። ዓይኑ ከስልኩ አልተነሳም። «አስማማው፣ ምን አለ? ተርጉም።»

በሕይወቴ ሙሉ ያንን ቃል ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን የለም።

«አልችልም» አልኩት። «ሕንድኛ አልችልም ሙርሳል። ያኔም አልችልም ነበር።»

ቤዚ መቅጃዋን አጠፋችው። ዐርዋ ስልኩን ወደ ኋላ መለሰችና ከሥር ያለውን የዓረብኛ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሙርሳል ሰማት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ በአማርኛ ተናገረው።

«ለምን ዘገየህ? ይላል ትንሹ።»

«ትልቁስ ምን ይመልሳል?» አለች ቤዚ።

«ምንም አይልም።»

ስልኩ ላይ ዘፈኑ መጣ፣ ስም የተጻፈበት ሁሉ አለፈና ጠፋ። ሙርሳል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ብዙ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዐርዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ እጅጌውን ያዘችው። እኔ ተነሥቼ ልሮጥ ሁሉ አማረኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ደግሞ ወለምታ አልነበረም፣ እያወቅሁ ነው።

በመጨረሻ ፊቱን ጠረገና አየኝ። ያ ሰው፣ እዚያ ሐዘኑ መሐል ሆኖ፣ ለኔ አዘነልኝ! «ሲዲው ተበላሸ ነበር» አለ። «ያኔ የመጀመሪያ ቀን ሲንጫጫ ሰምቻለሁ። አንተ አላየህም። አላወቅክም። አይደለም አኺ?»

ያቺን በር ከፈተልኝ። «አዎ» ብል ያልቅ ነበር። ቤዚም አታውቅ፣ ልጅቷም አታውቅ፣ ሲዲውም ከቪዲዮ ቤቱ ጋር ከጠፋ ስንት ዘመኑ። አንዲት «አዎ» ናት። አፌ እስከ ጫፏ ደርሶ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «ደህናው መጥቶልኝ አይቼው ነበር። ቦርሳህን ይዘህ የመጣህ ቀን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የኔው ይበልጣል ብዬ ነው።»

ሙርሳል ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ፣ ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲመታኝ ተመኘሁም። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ግቢው በር ላከ። አሥራ ሰባት ዓመት ክፍት ከመክረሙ የተነሣ ሥሩን ሣር በልቶታል፤ ልዝጋህ ቢሉትም የሚዘጋ አይመስልም።

«ያ ቦርሳ» አለ። «አንተ ነህ ከእጄ የተቀበልከኝ።»

«አዎ።»

«ኸላስ» አለ። በቃ ማለቱ ነው። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ከዚያ ወደ ዐርዋ ዞረና፣ እኔም እንድሰማው ይሁን ልጅቷ ቋንቋውን እንድትለምድ እንጃ፣ በአማርኛ ነገራት።

«ዐርዋ፣ ለእንግዳው ከርከዴ ጨምር።»

ልጅቷ ብርጭቆዬን ሞላችልኝ። ጠጣሁት፣ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስንገናኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ አንድ ቀንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። አኺ ግን ብሎኝ አያውቅም።